መኪናው የሚቆነጥጥበት ቀን

ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር ሰፈር
ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለታጁ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። የረመዷን ድካምህን አላህ ይቀበልህ፤ ዒዱን እንዳሳየህ ከርሞንም ከነልጆችህ ያሳይህ። ሱዓድ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ወገብህስ? መሰላል ላይ መንጠልጠሉን ቀነስ አድርግ ብዬህ ነበር፣ መቼም አልሰማኸኝም። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እጄ ብቻ ነው በሳሙና የተላጠው፣ እሱም ለምዶታል።

በስልክ ያላገኘኸኝ ስልኬ ከአንድ ግንበኛ ሱሪ ጋር ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ገብቶ ታጥቦ ስለወጣ ነው። ንጹሕ ሆኗል፣ ግን አይናገርም። እውነቱን ልንገርህና በስልክ አንተ ትቸኩላለህ፤ “እሺ እትዬ፣ እሺ እትዬ” ብለህ ትዘጋብኛለህ። በወረቀት የሚያቋርጠኝ የለም። የጭነት መኪና ሹፌሩ ዲሪር እስከ ጅግጅጋ ያደርስልኛል፣ ከዚያ በአውቶቡስ ይመጣልሃል።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ታጁዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ያላየሁትን አየሁ! የቤቱ ባለቤት ኢስታሂል ልጅ አላት፣ ዓብዲናሲር ይባላል፣ ኤርፖርት ታክሲ ይሠራል። ከበርበራ ወደብ የኤሌክትሪክ መኪና አመጣ። የገባበት ቀን አንሶላ እያሰጣሁ ነበር። በሩ ተከፈተ፣ መኪናው ገባ፣ ድምፅ ግን አልገባም። ገመዱ ላይ ያለው አንሶላ ወዝወዝ ሲል ዞር አልኩ፤ ቤት የሚያክል ነጭ መኪና ጀርባዬ ቆሟል! “አዑዙ ቢላህ!” ብዬ የልብስ መቆንጠጫውን ሁሉ በተንኩት። ኢስታሂል አማርኛዋ ድሬዳዋ ያደገ ሰው አማርኛ ነው፣ ከደረጃው ላይ ሆና እየሳቀች “አይዞሽ፣ ጂኒ አይደለም፣ ቻይና ነው” አለችኝ።

ጭስ የለው፣ ሽታ የለው። አንተ ኤሌክትሪክ ሥራህ ስለሆነ አይገርምህ ይሆናል። እኔ ግን የሚገርመኝ ከእኔው ግድግዳ መጠጣቱ ነው። ክፍሌ በር አጠገብ፣ ከክፈፉ ሥር፣ የማጠቢያ ማሽኔ ሶኬት አለ፤ ወደ ግቢው የሚደርስ ሶኬት እሱ ብቻ ነው። ዓብዲናሲር ከዙህር በኋላ መጥቶ በልቶ ጋደም ሲል እኔ ማሽኔን እነቅልና መኪናውን እሰካለታለሁ። እኔ ኡምሰልማ! አምፖል ለመቀየር ጎረቤት የምጠራው! ገመዱ ላይ ትንሽ ሳጥን አለች፣ አረንጓዴ መብራቷ ቦግ ፈዘዝ፣ ቦግ ፈዘዝ ትላለች፣ ልክ እንቅልፍ እንደወሰደው ሕፃን ትንፋሽ። ቁጭ ብዬ አያታለሁ። ከዚያ ሽቦ የሚያህል ቀጭን ነገር የወጣ ኃይል አምስት ሰው ከነሻንጣው ኤርፖርት ያደርሳል። ሱብሐነላህ!

መጀመሪያ ላይ ሳጥኗ ቀይ እያበራች እምቢ ብላ ነበር። ሁለት ቀን መኪናው እንደኮረፈ ሰው ቆመ። ከዚያ ሀይቤ የሚባል ጀነሬተር ሠሪ መጣ፣ መሰኪያውን ይዞ ሩብ ሰዓት ያህል ቁጭ አለ፣ አረንጓዴ ሆነች። እጁ ይባረክ።

አንድ ነገር ብቻ። መኪናው ጸባይ አለው። አንዳንድ ቀን እንደ በግ ዝም ይላል፤ አንዳንድ ቀን በሩን ስነካው እስከ ክርኔ ድረስ ይቆነጥጠኛል። ኢስታሂል “ሰው ይመርጣል” ትላለች። እኔ ቢስሚላህ ሳልል አልነካውም። ግድግዳዬም ዐስር ሶላት ላይ ሞቅ ይላል፣ እጄን ሳሳርፍበት ትኩሳት እንዳለው ሰው ግንባር ነው።

ልመናዬ ይህ ነው፦ መኪናው በሬን ዘግቶ ስለሚቆም፣ ጠንካራ አሥር ሜትር ኤክስቴንሽን በዲሪር በኩል ላክልኝ። ወደ ልብስ ማስጫዬ ራቅ ብሎ ይቁምልኝ።

አላህ ከክፉ ሁሉ ይጋርድህ።
እህትህ ኡምሰልማ


አዲስ አበባ፣ ቤተል
ሚያዝያ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ኡምሰልማ፤

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ሁላችንም ደህና ነን። ወገቤ እንደነበረ ነው።

ኤክስቴንሽን አልልክልሽም። አትቆጪ። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ፣ ግን መጀመሪያ የምጠይቅሽን መልሺልኝ። እዚህ ለአርባ ያህል መኪና ሶኬት ዘርግቻለሁ፣ ጸባይ ያለው መኪና ግን አላየሁም። መኪና ጸባይ የለውም እትዬ።

ሀይቤ የነካው ምኑን ነው? የመኪናው ገመድ መሰኪያ ስንት እግር አለው? የግድግዳሽ ሶኬት ስንት ቀዳዳ አለው? ማጠቢያ ማሽንሽ ከጅግጅጋ የገዛሽው ባለ ሁለት ክብ እግር መሆኑን አስታውሳለሁ፤ እዚያ አገር ግን ሶኬቱ ባለ ሦስት ካሬ ቀዳዳ ነው፣ መክደኛም አለው። እንዴት ገባልሽ? የሚቆነጥጥባቸውን ቀኖች ደግሞ ጻፊልኝ፣ አንድም ሳትዘይ።

መልሴ እስኪደርስሽ አትስኪው። ለልጁም ንገሪው። ግድግዳ ትኩሳት የለውም፤ ከጋለ ውስጡ የሚቃጠል ነገር አለ።

ሱዓድ ሰላም ብላሻለች። አላህ ይጠብቅሽ።
ታጁ


ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቁጡው ወንድሜ ለታጁ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ልብህን ያስፋልህ፣ ለእኔም ትዕግሥት ይስጠኝ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ እንደ ፖሊስ ጥያቄ ደርድሮ ይልክልኛል! ሰላምታህ አንድ መስመር፣ ጥያቄህ አንድ ገጽ። ይሁን፣ እሺ፣ ሥራህ ነው።

ደብዳቤህን ለኢስታሂል አነበብኩላት። እሷ ደግሞ ለልጇ ነገረችው። ዓብዲናሲር ክፉ ልጅ አይደለም፣ “ኤዶ” ነው የሚለኝ፣ አክስቴ እንደማለት ነው። ግን ሳቀብኝ።

“ኤዶ፣ ይሄ ያዲስ አበባ ሰው የኔን ግድግዳ በምን አየው? በቴሌስኮፕ?”

“ሥራው ነው፣ ያውቃል” አልኩት።

“እኔም ሥራዬ ነው። ከወር በላይ ነዳጅ ማደያ አልቆምኩም። ኤርፖርት ያሉት ሹፌሮች በቅናት ሊፈነዱ ነው። አሁን አቁም ትይኛለሽ?”

ምን ልበለው? ቤቱ የናቱ ነው፣ እኔ ተከራይ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ከዚህ ግቢ ማንም ውጪ ብሎኝ አያውቅም፣ አሁንም እንዲለኝ አልፈልግም። ስለዚህ ይሰካል። የምሰካውም እኔ ነኝ፣ አልዋሽህም።

የጠየቅከኝን ልመልስ። የመኪናው መሰኪያ ሦስት ወፍራም ካሬ እግር አለው። በግድግዳው አልገባ ስላለው ዓብዲናሲር ባለ ሁለት ክብ እግር አዳፕተር ገዝቶ በሱ ላይ ነው የሚሰካው። ሀይቤ የመኪናውን መሰኪያ ፈትቶ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እግር አጭር ሽቦ አገናኝቶ መልሶ ዘጋው፣ ሌላ ያደረገው የለም። የግድግዳው ሶኬት ሦስት ቀዳዳ አለው።

ቀኖቹን መስጊድ በሰጡኝ ካሌንደር ላይ ጻፍኳቸው። ቅዳሜ ዝም። እሑድ ቆነጠጠ። ሰኞ ቆነጠጠ። ማክሰኞ ዝም። ረቡዕ ቆነጠጠ፣ ያውም ጎበዝ አድርጎ። ሐሙስ ዝም። ዓርብ ለጁምዓ ስለሄዱ አልሰካሁትም። ሥርዓት የለውም ታጁ፣ እንደ ሰው ነው። የዓብዲናሲር ልጅ ኒምኮ አራት ዓመቷ ነው፤ አሁንማ ሥራዋ አድርጋዋለች። ከሰካሁ በኋላ ሮጣ ሄዳ በአንድ ጣቷ ትነካውና ተመልሳ ትነግረኛለች፦ “ዛሬ ነቅቷል” ወይም “ዛሬ ተኝቷል”። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም! እኔስ ልጅቷም ታስደንቀኛለች።

ሰማዩ ዳመና መያዝ ጀምሯል። በየመንገዱ ሕንፃ ስለሚሠራ ግንበኞቹ ዝናብ ሳይመጣ ሲሚንቶ ለማፍሰስ ይሯሯጣሉ፣ ልብሳቸው እንደ ድንጋይ ደርቆ ነው የሚመጣልኝ። እኔም ከመዝነቡ በፊት ማጠቤን እያጣደፍኩ ነው፣ ግቢው ውሃ በውሃ ነው።

ኤክስቴንሽኑ ይቅር። ይልቅ ለዓብዲናሲር አንድ ወረቀት ጻፍለት። ማኅተም ካለህ ምታበት። ማኅተም ያለበት ነገር ያከብራል።

አላህ ሥራህን ያቅናልህ።
ኡምሰልማ


አዲስ አበባ፣ ቤተል
ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፤

ሰላምታዬን በአንድ መስመር ነው የምጽፈው፣ ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። ከዚያ ግቢ የማንም ስልክ ስለሌለኝ አንብቤ ሳልጨርስ ለዲሪር ደወልኩ። ጅግጅጋ ነው ያለው፣ ነገ ሀርጌሳ ይገባል። “ከመኪናህ ሳትወርድ ኡምሰልማ ቤት ሂድ፣ ንቀዪው በላት” ብዬዋለሁ። ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ነቅለሽው እንደሚሆን አላህን ለምኜ ነው የምጽፈው።

ማኅተም የለኝም። ይህን ግን ለዓብዲናሲር እናቱ ቃል በቃል ትንገረው።

ሦስተኛው እግር የመሬት እግር ነው። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ የመኪናውን ቆርቆሮ ኤሌክትሪክ ቢነካው በሰው ውስጥ ሳያልፍ ወደ አፈር ይዞት መሄድ። ሳጥኗ ቀይ ያበራችው “ወደ መሬት የሚወስድ መንገድ የለኝም” ብላ ነው። እውነቷን ነበር። ሀይቤ ያቺን አጭር ሽቦ ሲያገናኝ መንገድ አልሠራላትም፤ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ አሳይቶ መሬት ነው ብሎ ዋሻት። አመነችው።

የከፋው ገና ነው። ክብ እግር ያለው አዳፕተር በሁለቱም ጎን ይገባል። ማንም ሰው እያየ አይሰካውም፣ አንቺም አታዪም። በአንደኛው ጎን ስትሰኪው መኪናው ዝም ይላል። ገልብጠሽ ስትሰኪው ግን በዚያች በሀይቤ ሽቦ በኩል ሁለት መቶ ሃያው ቮልት በሙሉ ቆርቆሮው ላይ ይወጣል። በሩ፣ እጀታው፣ ጎማው መሃል ያለው ብረት፣ ሁሉም። እሑድ ገልብጠሽዋል። ሰኞ ገልብጠሽዋል። ረቡዕ ገልብጠሽዋል። ኒምኮ “ነቅቷል” ያለችሽ በነዚያ ቀኖች ነው።

ሕይወታችሁን እስካሁን ያቆዩት የጫማችሁ ላስቲክና የሀርጌሳ ደረቅ አፈር ናቸው። መሬቱ ከራሰ ግን መቆንጠጥ የሚባል ነገር የለም። ይዞ አይለቅም።

አንድ ጥያቄ ዘለልሽብኝ። ባለ ሦስት ቀዳዳው ሶኬት መክደኛ አለው፤ ላይኛው ቀዳዳ ካልተነካ ሁለቱ ታችኞቹ አይከፈቱም። ክብ እግር እንዴት ገባ? መልሱን የማውቅ ይመስለኛል።

የዋሿትን ሳጥን ነገር ደግሞ በደንብ አውቀዋለሁ። ከየት እንዳወቅኩት አትጠይቂኝ።

ታጁ


ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣ ለዓይኔ ማረፊያ ለታጁ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ዕድሜህን አላህ ያርዝመው፤ የልጆችህን ክፉ አያሳይህ። ከዚህ በላይ የምመርቅበት ቃል ቢኖረኝ እመርቅህ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ነው። ዙህር ሰግጄ፣ መኪናውን ሰክቼ፣ ወደ ልብሴ ሄድኩ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች አፈሩ ላይ ሲያርፉ ያ ሽታ መጣ፣ ታውቀዋለህ። ከዚያ ዱብ ዱብ አላለም፣ አንድ ጊዜ ነው የወረደው። ጫማዬን ጥዬ አንሶላ ማውረድ ጀመርኩ። በዚህ መሃል የግቢው በር ሊገነጠል ተደበደበ። ዲሪር ነው። የጭነት መኪናውን መንገዱ መሃል አቁሞ፣ ከኋላው ሚኒባሶች ጥሩምባ እየነፉበት፣ “ኡምሰልማ! ታጁ ንቀዪው ብሏል! ንቀዪው!” ይላል።

ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። እኔ ለምን የማልል ሰው ሆኜ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን አላልኩም። አንሶላውን ጭቃ ላይ ጣልኩና ክፈፉ ሥር ደረቁ ላይ ወጥቼ አዳፕተሩን ከነመሰኪያው መዠረጥኩት። አረንጓዴዋ ጠፋች። ዞር ስል ኒምኮ በባዶ እግሯ፣ ከነዝናቡ፣ የመኪናውን በር በመዳፏ ጥፍ አድርጋ ይዛለች። በጣቷ አይደለም፣ በሙሉ መዳፏ። ቀና ብላ አየችኝና “ኤዶ፣ ተኝቷል” አለችኝ።

በመንቀሌና በመያዟ መሃል ያለው አንዲት የትራስ ልብስ ከገመድ እስክታወርድ ነው ታጁ። ከዚያ አይበልጥም ነበር። ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ልጅቷ የታመምኩ መስሏት ፀጉሬን ታሻሸኝ ጀመር።

ደብዳቤህ የደረሰው ከአምስት ቀን በኋላ ነው። ኢስታሂል፣ ዓብዲናሲርና እኔ ቁጭ ብለን እኔ አነበብኩ፣ እሷ በሶማልኛ ተረጎመችው። “እሑድ ገልብጠሽዋል” የሚለው ጋ ስደርስ ዓብዲናሲር ልጁን ጠራትና መዳፏን ዘርግቶ ያይ ጀመር። መስመሮቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው። ያ ሁሉ ቀልዱ የት እንደገባ።

ከዚያ የዘለልኳት ጥያቄ ጋ ደረስኩ። ልዘላት ነበር፣ ማን ያውቅብኛል? አንብቤያት ግን ወረቀቱን አስቀመጥኩና ተናዘዝኩ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ማሽኔን ይዤ ስመጣ አልገባ ሲለኝ፣ አንዲት ወሎዬ ሴት ዘዴውን አሳየችኝ፤ ላይኛውን ቀዳዳ በመፋቂያ ጫን ካልከው የታችኞቹ ይከፈታሉ። በየቀኑ መጫን ሰለቸኝና መፋቂያውን እዚያው ውስጥ ሰበርኩት። በቃ፣ ተከፍቶ ቀረ። የመኪናው ሦስተኛ እግር በግድግዳው አልገባ ያለው በሱ ምክንያት ነው። ዓብዲናሲር “ሶኬቱ ምን ሆኖ ነው?” ሲለኝ እያወቅኩ “እንጃ” ብዬው ነበር። ክፍሌን እንዳላጣ ፈርቼ ነው።

ኢስታሂል “አንቺ ሴትዮ፣ ግድግዳዬ ውስጥ ጥርስሽን ስትፍቂ ኖረሻል?” አለችና ሳቀች፣ ሳቋ ግን ወደ ልቅሶ ሄደባት። ውጪ አላለችኝም።

ማግስቱን ኢልሃን የምትባል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አመጡ። ልጅ እግር ናት፣ አዲስ አበባ ተምራለች፣ ካቻቢቴዋን እንደ ብዕር ነው የምትይዘው። ከቆጣሪው አጥፍታ ሶኬቱን ፈታችው። የኔ መፋቂያ ጠቁሮ ወጣ። ሽቦዎቹ ላስቲካቸው ቀልጦ እንደ ካራሜል ተጣብቀው ነበር፣ የግድግዳው ትኩሳት ይሄ ነው። ከዚያ “ኑ እዩ” አለችን። ከሦስተኛው ቀዳዳ ጀርባ ምንም የለም! ሽቦ የለም፣ ምንም። ባዶ።

ኢስታሂል ያን ጊዜ ነገረችን። ሀርጌሳን ካወደመው ጦርነት በኋላ ከስደተኛ ጣቢያ ሲመለሱ ይህ ቤት ጣሪያ አልነበረውም። ግድግዳው ሁሉ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ሽቦው ተመዞ ተሽጦ ነበር። ባሏ፣ አላህ ይዘንለት፣ ከየፍርስራሹ ቁራጭ ሽቦ እየለቀመ፣ እየቋጠረ፣ ሁለት ሁለት መስመር ዘረጋ። ሱቅ ያለው ሶኬት ባለ ሦስት ቀዳዳ ስለነበር እሱን ሰካ። “ሦስተኛው ለምንድን ነው ብዬ ጠይቄው ነበር” አለች፣ “‘ለወደፊት ነው’ አለኝ።” ሠላሳ ዓመት መሆኑ ነው።

እኔ ተንፈስ አልኩ። “እንግዲያ የኔ መፋቂያ የዘጋው ነገር አልነበረም” አልኩ። ኢልሃን አልማረችኝም። “ኤዶ፣ መፋቂያሽ ባይኖር ክቡ አዳፕተር አይገባም ነበር። ክቡ ባይገባ አይገለበጥም ነበር” አለችኝ። ልክ ናት፣ ዋጥኩት።

ከዚያ የሆነውን ብታይ! ሁለት ሰው ጉድጓድ ቆፈረ። አንድ ሜትር አፈሩ ዱቄት ነው። ሁለት ሜትር፣ ዱቄት። ኢልሃን “ቀጥሉ” ትላለች። ሰፈሩ ሁሉ ዙሪያውን ቆሞ ውሃ ሊወጣ ነው ወይስ ወርቅ ይላል። ወደ ሦስት ሜትር ሲጠጋ አፈሩ ጠቆር አለ፣ ሲጨብጡት ይይዛል። የመዳብ ዘንግ አስገቡ፣ ከሰልና ጨው ሞሉበት፣ ውሃ አጠጡት። ሰው መቅበር አይቼ አውቃለሁ፤ ከሰው ላይ ሞትን ሊያነሳ የሚቀበር ነገር ግን አይቼ አላውቅም። ከቆጣሪው ቀጥታ ወፍራም ሽቦ ለመኪናው ብቻ ተዘረጋ፣ ሶኬቱም አዲስ ነው፣ ከእኔ ክፍል ራቅ ብሎ። ከሱ በላይ ደግሞ አንዲት ብሬከር አለች። ኤሌክትሪኩ ጠብታ ያህል ወደ ሰው ቢፈስ ዓይንህን ሳትጨፍን ታጠፋለች። ኢልሃን መሞከሪያዋን ተጫነች፣ ቀጭ! ጠፋ። ኢስታሂል “እንደገና” አለች። ቀጭ። “እንደገና።” ሰባት ጊዜ አስደገመቻት። ሀይቤም መጥቶ ነበር፣ እጁን ኪሱ ከቶ ሲያይ ቆየ፤ ሲሄድ ኢልሃንን “ያቺን ዘንግ ከየት ገዛሻት?” ብሎ ጠየቃት።

በወር አንዴ ያቺን መሞከሪያ እንድጫን ሹመት ተሰጥቶኛል።

መልስህን እጠብቃለሁ።
እህትህ ኡምሰልማ


ሀርጌሳ፣ ሼክ ኑር፣ ከዊዳድ ቤት
ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታጁ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ዐረፋ ሊገባ ነው፤ አላህ በሰላም ያድርሰን። ሁለት ሳምንት ሆነው መልስህ ከቀረ። ዲሪርን “ረሳኸው ወይ?” ብዬ ጠየቅኩት፣ “የሚረሳ ነገር አልሰጠኝም” አለኝ። ተቀየምከኝ? መፋቂያዬ አስቀየመህ? ንገረኝ፣ ከዝምታህ ስድብህ ይሻለኛል።

ይህን የምጽፍልህ ከዊዳድ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ዊዳድ ከአገራችን ከመጡት ሴቶች አንዷ ናት፣ ልብስ ትሰፋለች። ኢልሃን የሄደች ቀን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ምን መሰለህ? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከኢትዮጵያ የመጣች ሴት ሁሉ መጀመሪያ የምትመጣው እኔ ጋ ነው። ቤት የት አለ፣ ሥራ የት አለ። ክብ እግር ያለው ምድጃ፣ ካውያ፣ ማሽን ይዛ ትመጣለች፤ አልገባ ሲላት እኔ ነኝ “ነይ ላሳይሽ” የምለው። መፋቂያ ሰብሬ እሰጣለሁ! እንደ ስጦታ! ስንት ቤት እንደሆነ አስበው።

ስለዚህ እየዞርኩ ነው። ኢልሃን ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስታርፍ አብራኝ ትመጣለች፤ መጀመሪያ ከቆጣሪው ታጠፋለች፣ ከዚያ እኔ በወረንጦ እነቅላለሁ። የሚወጣውን ብታይ። ክብሪት፣ የብዕር ክዳን፣ የማበጠሪያ ጥርስ። አንዷ ጋ ምስማር! “መፋቂያው ቶሎ ይሰበራል፣ ጠንካራ ይሁን ብዬ አሻሻልኩት” አለችኝ። ኢልሃን ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቀረች።

ሁሉም እሺ የሚል እንዳይመስልህ። ዊዳድ ራሷ ምን አለችኝ፦

“አንቺ አስተማርሽኝ፣ አሁን አንቺ ትነቅያለሽ?”

“አዎ።”

“ያን ጊዜ አዋቂ ነበርሽ፣ ዛሬም አዋቂ ነሽ። የቱን ልመን?”

“የዛሬዋን። የዛሬዋ ፈርታለች።”

“እና ካውያዬን በምን ልሰካው?”

ይህን አላሰብኩም ነበር። ኢልሃን ገመዱን ቆርጣ ባለ ሦስት እግር መሰኪያ ገጠመችላት፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አምስት ደቂቃ ታጁ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አምስት ደቂቃ አጥተን ነው። ከጀርባው የመሬት ሽቦ የሌለው ቤት ብዙ ነው፣ እሱን ባለቤቶቹ ናቸው የሚያሠሩት፣ ኢልሃን ለየቤቱ ጽፋ ትሰጣለች። ቢያንስ ማንም ገልብጦ አይሰካም።

እስካሁን አሥራ ዘጠኝ ቤት ገብቻለሁ። ያስተማርኳቸው ስንት እንደሆኑ ግን አላውቅም፤ እነሱም ሌላ አስተምረዋል። በየሱቁ እየቆምኩ እናገራለሁ። ሴቶቹ “የመፋቂያዋ ኡምሰልማ” ማለት ጀምረዋል። ይበሉኝ።

አሁን አንተን ልጠይቅ። የዋሿትን ሳጥን ነገር ከየት እንዳወቅክ አትጠይቂኝ ብለኸኝ ነበር። ይኸው ጠየቅኩህ። እኔ ሰው ፊት ተናዝዤ መሬት አልዋጠችኝም።

አላህ ልብህን ያቅልልህ።
ኡምሰልማ


አዲስ አበባ፣ ቤተል
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ፣ ለእትዬ ኡምሰልማ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ዐረፋን ያሳየን አላህ ምስጋና ይግባው። ከአንቺ ጀምሮ ኢስታሂል፣ ዓብዲናሲር፣ ኒምኮ፣ ኢልሃን፣ ዲሪርም ሳይቀር አላህ ሁላችሁንም በእዝነቱ ጥላ ሥር ያኑራችሁ። ዛሬ ሰላምታ አላሳጥርም።

አልተቀየምኩሽም። ግንቦት 12 የጻፍሽው ደብዳቤ ከደረሰኝ ጀምሮ በኪሴ ይዤው እዞር ነበር። መሰላል ላይ ወጥቼ እንኳ ኪሴን እዳስሳለሁ። ኒምኮ በሩን በመዳፏ ጥፍ አድርጋ የያዘችበት ቦታ ላይ ደርሼ ማንበብ አቆማለሁ።

ሀይቤ ያደረገውን ያወቅኩት እኔም ስላደረግኩት ነው።

የዛሬ ስምንት ወር ነው። የሱፍ የሚባል ሰው ቤት፣ እዚሁ ቤተል። ግቢው በሙሉ ሲሚንቶ ነው፣ ለመሬት ዘንግ ሲሚንቶውን መስበር ነበረብኝ። ሳጥኑ ቀይ ያበራል። ሰውዬው ማግስቱን ጠዋት መንገድ አለው፣ እኔ ሌላ ቤት ቀጠሮ አለኝ። ያቺን አጭር ሽቦ ሶኬቱ ውስጥ አገናኘሁና አረንጓዴ ሆነ። “ቅዳሜ መጥቼ የቀረችውን እጨርሳለሁ” አልኩት። ቅዳሜ አልሄድኩም። የሚቀጥለውም ቅዳሜ አልሄድኩም። ቆይቶ ደግሞ እዚያ መንገድ ማለፍ ተውኩ፣ ዞሬ ነው የምሄደው። ለአንቺ ያን ሁሉ ምክር ስጽፍ ያ ቤት በጭንቅላቴ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያየኝ ነበር።

ከዊዳድ ቤት የጻፍሽው ደብዳቤ ፈጥኖ የደረሰኝ የዒዱ ዕለት ከሶላት ስመለስ ነው። “የዛሬዋ ፈርታለች” ያልሽው ላይ ደረስኩና ልብሴን ሳልቀይር፣ የዒድ ጀለቢያዬን እንደለበስኩ፣ መሣሪያዬን ይዤ ወጣሁ። ሱዓድ “ዛሬ ሥራ አለ እንዴ?” ብላ ተከትላኝ እስከ በር መጣች።

የሱፍ ለዒድ ዝየራ የመጣሁ መስሎት አቀፈኝ። ምሳ ቅረብ አለኝ። “ከመብላቴ በፊት የምነግርህ አለ” አልኩትና ነገርኩት፣ ያደረግኩትን፣ ለምን እንዳደረግኩት፣ ስንት ወር እንደሆነው። ቤት ሙሉ እንግዳ አለ። በመጨረሻ “አራት ልጅ እንዳለኝ ታውቅ ነበር?” ብቻ አለኝ። “አውቃለሁ” አልኩት። ከምሳው ተነሥቶ አብሮኝ ወጣ፣ ቆጣሪውን ራሱ አጠፋው።

ሶኬቱን ፈታሁት። ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ ብሎኑ ላልቶ፣ ጫፉ ከስሎ፣ በሁለት ክር ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር። ሁለት የፀጉር ያህል ክር እትዬ። እነሱ ሲበጠሱ መላው መኪና ይነድፋል፤ እስኪበጠሱም ጥቂት ጥቂት ይፈስበታል። ሃያ ዓመት በኤሌክትሪክ ኖሬያለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን ኤሌክትሪክን ፈርቼው አላውቅም። አጭሯን ሽቦ አውጥቼ የሱፍ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩለት። ርዝመቷ ተምር አያክልም።

በማግስቱ ሲሚንቶውን ሰብረን ዘንጉን ቀበርን። ትልቁ ልጁ መዶሻ ተቀብሎኝ መታ። ብሬከሩንም ገጠምኩ።

ስጨርስ የየሱፍ እናት ከቤት ወጡ። ዓይናቸው ደክሟል። የውዱእ ቧንቧቸው ከመኪናው አጠገብ ነው፤ በየቀኑ ዐስር ላይ፣ መኪናው ተሰክቶ ሳለ፣ ውዱእ አድርገው ሲነሡ በእርጥብ እጃቸው መኪናውን ደገፍ ነው የሚሉት። ያን ቀንም እንደልማዳቸው አደረጉ። እጃቸውን አሳረፉ፣ ቆዩ፣ ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ።

“ልጄ” አሉኝ፣ “ይሄ መኪና በየቀኑ ሰላም ይለኝ ነበር፤ በእጄ ገብቶ እስከ ትከሻዬ። ብቻዬን ስውል እሱ አለኝ እል ነበር። ዛሬ ምነው ዝም አለኝ?”

የሱፍ ፊቱን አዞረ። እኔ እርጥብ እጃቸውን ከቆርቆሮው ላይ አነሣሁና በሁለት እጄ ይዤ “አሰላሙ ዐለይኩም፣ እማማ” አልኳቸው።

ወንድምሽ ታጁ